የሰፈሩ ውሻ የማን ነው?

እኛ ሰፈር ጉሊቱ አጠገብ የሚተኛ አንድ ቡናማ ውሻ አለ። ስሙ ቦቢ ነው፤ ማን እንዳወጣለት የሚያውቅ የለም። ጠዋት ከሥጋ ቤቱ አጥንት፣ ቀን ጉሊት ከሚሸጡት እናት ፍርፋሪ፣ ማታ ከዘበኛው እንጀራ ይደርሰዋል። ሌሊት ጅብ በወንዙ ዳር ሲያልፍ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። የማን ውሻ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «የሰፈሩ ነው» ይላችኋል። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ ልጅ እግሩን ሲነከስና አባቱ የማን ውሻ ነው እያለ በር ለበር ሲዞር ግን ሰፈሩ ዝም አለ።

ይህች ዝምታ የእኛ ብቻ አይደለችም። ኢስታንቡልም፣ ዴልሂም፣ የቡታኗ ቲምፑም ስለ ጎዳና ውሻና ድመት ሲጨቃጨቁ ኖረው ዞረው የሚመጡት እዚያው ጥያቄ ላይ ነው። ሲበላ የሁሉም የሆነው እንስሳ ሲታመም፣ ሲወልድና ሲናከስ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ሰዎች መጠለያ ሠርተዋል፣ እንስሳውን ቤታቸው ወስደዋል፣ አምክነዋል፣ ከትበዋል፣ መርዘዋልም። አስቀድሜ ልናገርና፣ መጠለያ መልካም ነገር ነው። ነገሩ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ ወደ አፋችን የሚመጣው እሱ መሆኑ ግን ስሕተት ይመስለኛል። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጠለያ የሚባለው ነገር ዕድሜው ከመቶ ስድሳ ዓመት ብዙ አይበልጥም። በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት ለንደን ውስጥ ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር የጠፉና የተራቡ ውሾች የሚጠጉበት ቤት ከፈተች። ጋዜጦች ሳቁባት። በከተማው ስንት ልጅ እየተራበ ለውሻ ቤት? ይህ ነቀፋ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሲነገር አዲስ ሐሳብ ይመስላል። ቲልቢ በ1865 ሞተች። ቤቱ ግን በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛውሮ፣ በ1883 ድመትም መቀበል ጀምሮ፣ እስካሁን እዚያው አለ።

በዚያው ዘመን ኒውዮርክ ከየመንገዱ የለቀመቻቸውን ውሾች በብረት ሳጥን አጉራ ኢስት ሪቨር ወንዝ ውስጥ ትነክር ነበር። ፊላደልፊያ ላይ በ1869 በካሮላይን ኧርል ዋይት መሪነት የተመሠረተው የሴቶች ማኅበር የተሻለ አያያዝ ያለበት መጠለያ ከፈተ። የኒውዮርኩን የእንስሳት ተከላካይ ማኅበር በ1866 ያቋቋመው ሄንሪ በርግ ግን የከተማውን የውሻ ማጎሪያ ተረከብ ሲባል እምቢ አለ። ማኅበሩ የተረከበው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1894 ነው። የበርግ እምቢታ ምን ያህል አርቆ ያየ እንደነበር የሚገባው ከዚያ በኋላ የሆነውን ላየ ሰው ነው። እንስሳ ለማዳን የተቋቋሙት ማኅበራት ለአሥርት ዓመታት ዋና ሥራቸው እንስሳ መግደል ሆነ። የሚገባው ከሚወጣው ይበልጣል፣ ግቢው ይሞላል፣ የሞላው ግቢ ደግሞ በመርፌ ይቀላል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በመጠለያዎች በየዓመቱ የሚገደሉት ውሾችና ድመቶች ከ12 እስከ 20 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር።

ዛሬ ያ ቁጥር የለም። በ2011 ግምቱ 2.6 ሚሊዮን፣ በ2019 ደግሞ 920 ሺህ ገደማ ነበር። ይህ ሁሉ የተገኘው መጠለያው ስለሰፋ አይደለም። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንደ ሎስ አንጀለስ ባሉ ከተሞች በርካሽ የሚያመክኑ ክሊኒኮች ተከፈቱ፤ ቡችላና የድመት ግልገል በካርቶን ተሞልቶ መጠለያ በር ላይ መጣሉ እየቀነሰ ሄደ። በ1994 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ጤነኛ የሆነና ጠባዩ የማያስፈራ ውሻና ድመት እንዳይገደል ውል ገባች። ብዙ መጠለያዎች ከሚገባባቸው እንስሳ 90 ከመቶውን በሕይወት ማስወጣትን መለኪያ ያደረጉት ከዚያ ወዲህ ነው። በሌላ አነጋገር መጠለያው የተነፈሰው ከበሩ ውጭ በተሠራ ሥራ ነው። ሄንሪ በርግ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ።

ወስዶ ማሳደግ ከበሩ ውጭ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ ነው። ለልጅ «ጉዲፈቻ» የሚል ያማረ ቃል ከኦሮሞ ባህል አግኝተናል። ለውሻ ሲሆን ግን ቃሉን ለመጠቀም አፋችን አይደፍርም፤ «ወሰድኩት» ወይም «አነሳሁት» ነው የምንለው። እኔ «አነሳሁት» የሚለውን እወደዋለሁ፤ የወደቀ ነገር የሚነሳ መሆኑን ይናገራልና። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ዘመዴ ከመጠለያ ውሻ ለማንሳት ሄዶ የሞላውን ቅጽ በስልክ ሲያነብልኝ ሁለታችንም ስንስቅ ዋልን። ቤቱ የራስህ ነው የኪራይ? አጥር አለው? በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይሆናል? ከዚህ ቀደም የነበረህ እንስሳ ምን ሆነ? ለእረፍት ስትሄድ ማን ይጠብቀዋል? «ለቪዛዬ እንኳ ይህን ያህል አልተመረመርኩም» አለኝ። ውሻው ሲሰጠው ተከትቦ፣ ተኮላሽቶና ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ ተቀብሮለት ነበር። ሳቃችን ካለፈ በኋላ ሳስበው፣ ቅጹ የሚጠይቀው ያንኑ የእኛን ሰፈር ጥያቄ ነው፤ ሲታመም የማን ነው?

ወስዶ ማሳደግ የማይችል ሰውስ? በጎ ፈቃደኛ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጎጆ የሚጠርግና ሳህን የሚያጥብ ወጣት ነው። ያም ሥራ ነው፤ ያለ እሱ የሚቆም መጠለያ የለም። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2023 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። 51 የአሜሪካ መጠለያዎች ውስጥ ያሉ ውሾችን ሰዎች ለጥቂት ሰዓት ሽርሽር ወሰዷቸው፣ ወይም ለአንድ ለሁለት ሌሊት ቤታቸው አሳደሯቸው። ሽርሽር የወጡት ካልወጡት ይልቅ አሳዳጊ የማግኘት ዕድላቸው አምስት እጥፍ፣ ሰው ቤት ያደሩት ደግሞ 14 እጥፍ ያህል ሆነ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ጎጆ ውስጥ እንደ እብድ የሚዘለው ውሻ ሶፋ ሥር ተኝቶ ፎቶ ሲነሳ ሌላ ውሻ ይሆናል፤ ያሳደረው ሰውም ለጎረቤቱ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባው ያወራለታል። በቤተ ሙከራ የተለካውም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ከመጠለያ ወጥተው ሰው ቤት ባደሩ ውሾች ሰውነት ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ይቀንሳል። ሲመለሱ ግን ተመልሶ ይወጣል። እዚህ ላይ ስለ መጠለያ የማንወደው እውነት ተደብቋል። መቶ ውሻ ቀንና ሌሊት የሚጮኽበት ግቢ፣ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ለውሻ መኖሪያ አይሆንም፤ ቶሎ ካላለፈበት ያሳብደዋል።

መጠለያ የሚይዘው ቁጥርስ? ቱርክን እንይ። ኢስታንቡል በ1910 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾቿን ለቅማ ማርማራ ባሕር ውስጥ ወዳለች ድንጋያማ ደሴት ወሰደችና ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ ተወቻቸው። ጩኸታቸው በነፋስ እስከ ከተማው ይሰማ ነበር ይባላል፤ ደሴቲቱን ሕዝቡ «ሐይርሲዛዳ»፣ በረከት የሌላት ደሴት፣ ይላታል። ውሾቹ ግን ከኢስታንቡል አልጠፉም። በ2004 የወጣው ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች የጎዳናውን ውሻ ይዘው፣ አምክነውና ከትበው ወደ ነበረበት እንዲመልሱ አዘዘ። ሕጉ ጥሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ማዘጋጃ ቤቶች ግን በሚገባ አልሠሩበትም። ሃያ ዓመት አልፎ፣ በሐምሌ 2024 ፓርላማው ሕጉን ለውጦ ውሾቹ ሁሉ ተሰብስበው መጠለያ ይግቡ አለ። መንግሥት ራሱ የሰጠው ግምት በአገሪቱ 4 ሚሊዮን የጎዳና ውሻ አለ የሚል ነበር። መጠለያዎቹ 322፣ የሚይዙትም 105 ሺህ ውሻ ነው። አንድ ቦታ ለ38 ውሻ ማለት ነው። ቀሪዎቹ 37 የት እንደሚገቡ ለመገመት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ ተቃዋሚዎቹም አደባባይ የወጡት ለዚህ ነው።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ስለ ሰው ውለታ ማውራታቸው ነበር። እኔ ግን ከዚህ ተረት የበለጠ የጎዳና ውሻን ነገር የሚያስረዳ የሳይንስ መጽሐፍ አላጋጠመኝም። ውሻ ያለው ምግብ ባለበት ነው፤ ቁጥሩም በምግቡ ልክ ነው። ሕንድ ይህን በከባድ ዋጋ ተማረች። ዳይክሎፌናክ የተባለውን፣ እኛም ለወገብ ሕመም የምንውጠውን መድኃኒት፣ ገበሬዎች ለከብት ይሰጡ ጀመር። ከብቱ ሲሞት ጥምብ አንሳው ይበላዋል፤ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይገድለዋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአሥር ዓመት ጥቂት አለፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ዋናዎቹ የጥምብ አንሳ ዝርያዎች ከዘጠና ከመቶ በላይ አለቁ። ሜዳ ላይ የቀረውን ጥምብ ማን በላው? ውሻ። በ2008 የታተመ ጥናት በዚህ ሰበብ የሕንድ ውሾች ቁጥር በ5.5 ሚሊዮን እንደጨመረና ወደ 48 ሺህ የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሞተ ገመተ። ሕንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 ነው።

ከአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ላንሳ። ስለ ጅብ ነው፤ ግን ይመለከተናል። ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ የተሠራ፣ በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የጅብ ኩስ እየሰበሰበ ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመረ። በሁዳዴ 55 ቀናት ክርስቲያኑ ሥጋ ስለሚተው ከየቤቱና ከየሥጋ ቤቱ የሚጣል አጥንትና ሆድ ዕቃ የለም፤ ጅቡም በዚያ ወቅት ወደ አህያ አደን ይዞራል። ፋሲካ ሲፈታ ወደ ቆሻሻው ይመለሳል። ጅብ ጾማችንን ያውቃል ማለት ነው! ውሻም እንደዚያው ነው። ክዳን የሌለው ገንዳ፣ ወንዝ ዳር የሚደፋ የቄራ ትርፍራፊ፣ ከሆቴል ጓሮ የሚጣል ምግብ እስካለ ድረስ ዛሬ መቶ ውሻ ቢነሳ ከጥቂት ወራት በኋላ መቶው ቦታ ይሞላል። አዲስ አበባ ለዓመታት ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ በሌሊት ስትበትን ኖራለች። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር እግራቸውን ገትረው የተኙትን ውሾች የማያስታውስ የእኔ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው። ውሻው ጠፋ ወይ? አልጠፋም።

ታዲያ ሠርቶ የታየ ነገር አለ? አለ። የብዙዎችን ያህል ወሬው ባይነዛም ቡታን ሠርታዋለች። የሕዝቧ ሃይማኖት መግደልን ይጠላል፤ ውሻን በረት ውስጥ ማጎር ሞክራ አልሆነላትም። ከ2009 ጀምሮ እያመከነችና እየከተበች ቆይታ፣ በ2021 ዘመቻውን አፋጥና፣ በጥቅምት 2023 የጎዳና ውሾቿን በሙሉ ማምከኗን አስታወቀች። በጠቅላላው ከ150 ሺህ በላይ ውሻ ነው። የባለቤት ውሾችም በመለያ ተመዘገቡ። ይህ እንደ ተራ ነገር ቢታለፍም ከሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው፤ አለዚያ ከቤት እየወጣ የሚጣለው ቡችላ የጎዳናውን ክፍት ቦታ መልሶ ይሞላዋል። ቡታን ትንሽ አገር ናት፣ ሕዝቧ ከ800 ሺህ አይበልጥም የሚለኝ ሰው ልክ ነው። ሥራው ግን አሥራ አራት ዓመት ወስዶባታል፤ በምርጫ ዘመን ወይም በበጀት ዓመት የሚለካ አይደለም።

ሰፊዋ ሕንድ ይህንኑ መንገድ በሕግ የያዘችው በ2001 ነው። ከዚያ በፊት ቼናይ ከተማ በቀን ከመቶ በላይ ውሻ የምትገድልበት ጊዜ ነበር፤ ግድያው እንዲቆም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጮኸው ብሉ ክሮስ የተባለው የከተማዋ ማኅበር ነው። ጃይፑርን የመሳሰሉ ከተሞች ውጤት አዩበት፤ ሌሎች ግን ገንዘቡን በልተው ውሻውን ተዉት። በነሐሴ 2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በዴልሂ በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ንክሻ አስቆጥቶት፣ የከተማዋ ውሾች በስምንት ሳምንት ተለቅመው መጠለያ ይግቡ ብሎ አዘዘ። በ11ኛው ቀን ሰፋ ያለ የዳኞች ችሎት ትእዛዙን አሻሻለው፤ ያልታመመውንና ተናካሽ ያልሆነውን ውሻ አምክናችሁና ከትባችሁ መልሱት፣ ምግብ የሚሰጥበትም ቦታ ለይታችሁ አውጡ አለ። የመጀመሪያዎቹን ዳኞች ለመውቀስ አልቸኩልም። ልጁን በእብድ ውሻ በሽታ የቀበረ አባት ፊት ቆሞ ስለ ውሻ መብት መናገር ቀላል አይደለም።

የበሽታውን ነገር የውሻ ወዳጆች በሹክሹክታ ያልፉታል፤ ትልቁ ጥፋታቸው ይህ ነው። እብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል፤ ከመቶ 99ኙ ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ከሚነከሱት ከአሥር አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ቢባል ይቀላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከሁለት ሺህ በላይ ሰው እንደሚሞት ይገመታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው፣ የተነከሰ ሁሉ ይከተብበት የነበረው ተቋም፣ «ፓስተር»፣ ሲባል እምብርቱ ዙሪያ ይጨንቀዋል። ለብዙ አሥርት ዓመታት እዚያ የሚሠራው የድሮ ዓይነት ክትባት ለ14 ቀን በተከታታይ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር፤ ከገጠር በሬ ሸጦ መጥቶ ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት እየተኛ የሚወጋ ሰው ብዙ ነበር። ያ ሁሉ ሥቃይ ደግሞ ውሻውን አስቀድሞ በአንዲት መርፌ በመክተብ የሚቀር ነበር። ከአንድ አካባቢ ውሾች ሰባ ከመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ሰባ ከመቶ! መቶም ዘጠናም አይደለም። ለዚህ መጠለያ አያስፈልግም፤ ውሻውን የሚያውቅና አንገቱን ይዞ የሚያቆም ሰው ያስፈልጋል። (የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበው፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።)

ባሌ ላይ ይህ ሥራ ለሌላ ነፍስ ሲባል ተጀምሯል። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ዋና መጠጊያው እዚያ ነው። ከእረኞች ውሾች የሚጋባበት በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እየተመላለሰ ፈጅቶታል። ቀበሮውን ለማዳን በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሻ መክተብ ግድ ሆነ። የጎዳና እንስሳትን የሚጠብቅ ማኅበር በ2001 ያቋቋሙት ኤፍሬም ለገሰና ሐና ክፍሌም ከዚያው ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ውሻን ማዳን አገራችን ውስጥ የፈረንጅ ቅንጦት ሆኖ ሳይሆን፣ የቀበሮና የእረኛ ጉዳይ ሆኖ ጀመረ ማለት ይቻላል።

ማምከንን በተመለከተ ነውር ነው የሚል ይኖራል። ሙክት አርዶ የሚበላ፣ ሰንጋ የሚያደልብ ሕዝብ እንዲህ ሲል ይገርመኛል። እስራኤል ውስጥ ክርክሩ ከኦሪት ሕግ ጋር ይያያዛል፤ በ2015 የግብርና ሚኒስትሩ ኡሪ አሪኤል የጎዳና ድመቶችን ከማምከን ይልቅ ወደ ሌላ አገር ቢላኩስ የሚል ሐሳብ አቅርበው አገሩን ሁሉ አስቀውታል። ለድመት የሚሠራው ዘዴ ይታወቃል፤ በወጥመድ ይዞ፣ አምክኖና ከትቦ፣ የጆሮዋን ጫፍ ቆርጦ ወደ ቦታዋ መመለስ። የተቆረጠችው ጆሮ «እኔ ተሠርቻለሁ» የሚል ደረሰኝ ናት። ድመት ከሁለት ወር ጥቂት ባለፈ እርግዝና በዓመት ደጋግማ ትወልዳለችና ማዘግየት አያዋጣም።

ከተማችንስ? በግል ጥረት ግቢያቸውን ለውሻ የከፈቱ ሰዎች አሉ። አንዱን አይቼዋለሁ፤ ስድሳ ያህል ውሻ፣ ሁለት ሠራተኛ፣ ከአንድ ሆቴል በባልዲ የሚመጣ ትርፍራፊ። ሴትዮዋ አዲስ ውሻ አልቀበልም እያሉ ጠዋት በሩ ላይ ታስሮ ያገኙታል። ያደነቅኳቸውን ያህል ፈራሁላቸው። መንገድ ዳር «የፈረንጅ ዘር» ቡችላ በእቅፍ የሚሸጡ ልጆች ያሉበት፣ ገዢውም ውሻው አድጎ ሲያስቸግረው ከመኪና አውርዶ የሚጥልበት ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ ምን ሊያደርግ? የእኔ ቅደም ተከተል፣ ሐሳቤን ከጠየቃችሁ፣ ክትባት መጀመሪያ፣ ክዳን ያለው ገንዳ ሁለተኛ፣ ማምከን ሦስተኛ፣ መጠለያ የመጨረሻ ነው፤ እሱም ትንሽ ሆኖ ለቆሰለውና ለእናት አልባው ቡችላ። ከውጭ ገንዘብ የሚልኩ ወገኖች ግን መጠለያ ይወዳሉ፤ ፎቶ ይነሳል፣ በሩ ላይ ስም ይጻፍበታል። የተከተበ ውሻ ፎቶው ካልተከተበው አይለይም።

ከፋሲካ በኋላ በወረዳው የክትባት ቀን አለና ውሻ ያለው ይምጣ ተባለ። ቦቢን ዘበኛው በገመድ ጎትቶ አመጣው። ወጣቱ የእንስሳት ሐኪም መርፌውን አዘጋጅቶ ቅጹን ወደ እኛ ዞር አደረገና «የባለቤት ስም?» አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሰማይ አየ፤ ዘበኛው «እኔ ይዤው ነው የመጣሁት» አለ። ጉሊት የሚሸጡት እናት እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው ቀረብ አሉ፣ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ነገሩትና ካርዱን ተቀብለው ከዕቁብ ደብተራቸው መሐል ከተቱት። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረው «የሚመጣው ዓመት ቀኑን አንተ ነህ የምታስታውሰኝ» አሉት።